የሚሰበረውን አስቀድሞ መምረጥ

እሑድ ሰኔ 20 ቀን 2013 ዓ.ም. ማለዳ፣ ከናይሮቢ ሰሜን ምዕራብ በናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ፣ ቤልጂጋዊው ቲየሪ ኑቪል ሎልዲያ ወደተባለው የውድድር መስመር ሲገባ ከተከታዩ በ57 ሴኮንድ ይቀድም ነበር። ሳፋሪ ራሊ ከ2002 ወዲህ (ይህና ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ሻምፒዮና የተመለሰበት ውድድር ነው። የቀረው የመጨረሻው ቀን ብቻ ሲሆን፣ በዛሬ ራሊ 57 ሴኮንድ ሰፊ ርቀት ነው። የዚያ አካባቢ መሬት ግን የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፤ ሲደርቅ እንደ ጤፍ ዱቄት ይልማል፤ ከሥሩ ሹል ድንጋይና ጉድጓድ ይደብቃል። ኑቪል መስመሩን ሲጨርስ የሃዩንዳዩ የኋላ ሾክ አብዞርበር ተሰብሮ ነበር። ሲመራው የነበረውን ውድድር እዚያው ተሰናበተ፤ ድሉም ለቶዮታው ሴባስቲያን ኦዢዬ ሆነ።

ሾክ አብዞርበር ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ሞላው የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ ሲዘልና ሲወርድ፣ ሾኩ ያን ዝላይ በዘይት ውስጥ በሚንቀሳቀስ ፒስተን አማካይነት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በከተማ አስፋልት ላይ ይህ ሙቀት ከቁብ የሚቆጠር አይደለም። ከሺህ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን መኪና በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ በድንጋይ ላይ ሲሄድ ግን ዘይቱ ፋታ አያገኝም። ይግላል፤ ሲግል ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ዝላዩን መግታት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እየገባ ብረት ከብረት ይማታል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የሻምፒዮናው ደንብ የጎማው ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀሻ ከ270 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ቀድሞ ከ300 በላይ ይደርስ ነበር። ስለዚህ መሐንዲሱ ያንኑ ድንጋይ ባነሰ ቦታ ውስጥ መዋጥ አለበት።

ስለ ራሊ መኪና የሚወራው አብዛኛው ነገር ስለ ጉልበቱ ነው፤ ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት፣ በዚህን ያህል ሴኮንድ መቶ ኪሎ ሜትር። ይህ ለማስታወቂያ ይመቻል እንጂ ስለ መኪናው ብዙ አይናገርም። የራሊ መኪና ምህንድስና ዋና ጥያቄ ሌላ ነው፦ ደንቡ ብዙ ነገር ከከለከለህና መንገዱ አንድ ነገር መስበሩ ካልቀረ፣ የትኛው ይሰበር? ከተሰበረስ በስንት ደቂቃ ይለወጣል? ዘመናዊውን የራሊ መኪና ከነመከልከያዎቹ ሳይሆን በመከልከያዎቹ አማካይነት ብናየው የተሻለ እንረዳዋለን የሚል አቋም አለኝ። ባለፉት ዓመታት ከመኪናው ላይ ብዙ ቴክኖሎጂ መነሳቱን እንደ ውድቀት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን ሙያው ይበልጥ ጎልቶ የወጣበት ዘመን ይመስለኛል።

ከሞተሩ እንጀምር። የዓለም ሻምፒዮናው ቁንጮ ክፍል ራሊ 1 ይባላል፤ ሞተሩ 1.6 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ ቱርቦ ነው። መጠኑ መንደር ውስጥ ከምናየው የቤት አውቶሞቢል ሞተር አይበልጥም፤ ጉልበቱ ግን እስከ 2024 ድረስ 380 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። ከዚህ በላይ እንዳይሄድ የሚይዘው ቱርቦው አፍ ላይ የሚገጠም ቀለበት ነው። ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር በሙሉ በዚህ ማነቆ ያልፋል፤ ዲያሜትሩ እስከ 2024 ድረስ 36 ሚሊ ሜትር ነበር። አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲሳብ ይፈጥናል፤ የድምፅን ፍጥነት ሲደርስ ግን ከኋላው የቱንም ያህል ቢሳብ ከዚያ በላይ አይፈስም። ያ ማለት ሞተሩን በጣም በማሽከርከር ተጨማሪ ጉልበት ማግኘት አይቻልም፤ አየሩ የለማ። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ፊታቸውን ወደ ታችኛው ዙር አዞሩ። አሽከርካሪው ከመታጠፊያ ሲወጣ ወዲያው የሚገኝ ጉልበት ላይ ይሠራሉ፤ ለዚህም አንቲላግ የተባለውን ዘዴ ይጠቀማሉ። አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን ሲለቅ ትንሽ ነዳጅና አየር ወደ ጭስ መውጫው ማኒፎልድ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ እዚያው ይነድና ቱርቦው ሳይቀዘቅዝ ይሽከረከራል። ከማርሚታው የሚሰማው የተኩስ ድምፅ የዚህ ውጤት ነው። ተመልካቹ ለትርዒት የተደረገ ይመስለዋል፤ አንድ ቀለበት ያመጣው ጣጣ ነው።

ማነቆው ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለማየት ወደ 1995 መመለስ ነው። በዚያ ዓመት በስፔኑ የካታሎኒያ ራሊ ላይ የቶዮታ ሴሊካ መኪኖች ሲመረመሩ ቱርቦው ውስጥ አንድ የተሰወረ ነገር ተገኘ። ማነቆው ተገጥሞ ሲጠበቅ በውስጥ ያሉ ትናንሽ ሞላዎች ወደ ኋላ ይገፉትና በጎኑ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይፈጠራል፤ መርማሪ ሲፈታው ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመልሶ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ቶዮታ ለ12 ወራት ታገደ። የዓለም አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ማክስ ሞዝሊ ሲቀጡት እንኳ የሥራውን ረቀቅነት ሳያደንቁ አላለፉም። ማጭበርበር ማጭበርበር ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ታላቅ ኩባንያ ስሙን ለአደጋ አጋልጦ የሰረቀው ጥቂት ተጨማሪ አየር መሆኑ ውድድሩ የት ላይ እንደሆነ በግልጽ ያሳያል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የራሊ ምህንድስና ያበበው ነፃ በነበረበት ዘመን ነው፤ ደንብ ፈጠራን ይገድላል ይባላል። ምሳሌው ከ1982 እስከ 1986 የዘለቀው ግሩፕ ቢ ነው። አምራቹ 200 መኪና ብቻ ሠርቶ ካሳየ የቀረው ለሐሳቡ የተተወ ነበር። አውዲ ኳትሮ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክር መኪና በራሊ የበላይ መሆን እንደሚችል ያሳየው በዚያው አካባቢ ነው፤ የዛሬዎቹ የሻምፒዮናው መኪኖች በሙሉ የእርሱ ልጆች ናቸው። ላንቺያ ዴልታ ኤስ 4 ደግሞ ታችኛውን ዙር በሞተሩ ኃይል በሚነዳ መጭመቂያ፣ ላይኛውን በቱርቦ እየሸፈነ ከ1.8 ሊትር ባነሰ ሞተር ወደ 500 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር። ይህን ማድነቅ ይገባል፤ የሚክድ መካኒክም አላውቅም። ነገር ግን ሒሳቡ ተሟልቶ መነበብ አለበት። በመጋቢት 1986 በፖርቱጋል ራሊ አንድ ፎርድ አርኤስ 200 ሕዝብ መሀል ገብቶ ሦስት ተመልካቾች ሞቱ። ግንቦት 2 ቀን በኮርሲካ ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ በዴልታ ኤስ 4 ገደል ገብተው በእሳት አለቁ፤ የነዳጅ ታንኩ ያለው ከመቀመጫቸው ሥር ነበር። ግሩፕ ቢ በዓመቱ መጨረሻ ተዘጋ። ነፃነቱ ፈጣን መኪና መሥራት እንደሚቻል አረጋገጠ፤ ትክክለኛውን ነገር ሰብሮ ሰውን የሚያተርፍ መኪና ግን አላወጣም። ደግሞስ፣ በምትኩ የመጣው ቁጥብ የግሩፕ ኤ መኪና ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በብዙ መንገዶች ላይ የግሩፕ ቢ መኪኖችን ጊዜ መድረስ ጀመረ። በጎማ፣ በሾክ አብዞርበርና በዲፈረንሻል የተሠራው ሥራ የጎደለውን ጉልበት ተካው።

የሚገርመው፣ ዴልታ ኤስ 4 የቆመው ከብረት ቱቦ በተበየደ ሻንሲ ላይ ነበር፤ የዛሬው ራሊ 1ም እንዲሁ ነው። ሐሳቡ አንድ፣ ሕጉ ሌላ። ከ1987 እስከ 2021 የራሊ መኪና ከፋብሪካ በወጣ ቦዲ ላይ ተመሥርቶ በውስጡ የቱቦ መከላከያ ይጨመርበት ነበር። ከ2022 ጀምሮ አምራቾች መላውን የተሳፋሪ ክፍል ከቱቦ አዋቅረው ውጩን የመንገድ መኪና በሚያስመስል ልባስ እንዲሸፍኑ ተፈቀደላቸው። የቱቦዎቹ አደራደርና በጎን በኩል የሚሞላው ግጭት የሚውጥ ነገር በደንብ የተወሰነ ነው። አዲሱ ደንብ በሥራ ላይ በዋለበት የመጀመሪያ ውድድር፣ በጥር 2022 ሞንቴ ካርሎ፣ ፈረንሳዊው አድሪያን ፉርሞ በፎርድ ፑማ ከመንገድ ወጥቶ እየተገለባበጠ ተዳፋቱን ወረደ። ከመኪናው የቀረ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እርሱና ረዳቱ በእግራቸው ወጡ። ክንፍ፣ በር፣ ጎማ፣ ራዲያተር፣ ሁሉም ተበታትኖ የተረፈው መትረፍ ያለበት ክፍል ብቻ ነበር። የሚሰበረውን አስቀድሞ መምረጥ ማለት ይኸው ነው።

ይህ ማለት ግን ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም። በሚያዝያ 2023 አየርላንዳዊው ክሬግ ብሪን በክሮኤሺያ ልምምድ ላይ ሳለ የእንጨት ምሰሶ በጎን መስኮት ገብቶ ሕይወቱ አልፏል። ቱቦ የተሳካለት ዛፍን፣ አለትን፣ መሬትን መመከት ላይ ነው፤ በቱቦዎቹ መካከል ለሚሾልክ ቀጭን ነገር መልሱ ገና አጥጋቢ አይደለም። በራሊ አስቸጋሪው ነገር ደግሞ መንገዱ የውድድር ሜዳ አለመሆኑ ነው። አጥር፣ ምሰሶ፣ የድልድይ ጠርዝ ለነዋሪው የተሠሩ ናቸው፤ ማንም ለመኪናው ሲል አያነሳቸውም።

እንግዲያው ይህ የመንገድ መኪና ነው ወይስ የመንገድ መኪና ጭንብል ያጠለቀ ሌላ ፍጡር? ተቺዎች ይህን ሲጠይቁ ልክ ናቸው። ፎርድ ፑማ ሱቅ ውስጥ የፊት ጎማዎቹ ብቻ የሚነዱት የቤተሰብ መኪና ነው፤ የውድድሩ ፑማ በአራቱም ጎማ ይነዳል፤ ከመልኩና ከስሙ በቀር ከሱቁ ጋር የሚጋራው ጥቂት ነው። እሑድ አሸንፎ ሰኞ ይሸጣል የሚለው የቆየ የገበያ ፈሊጥ እዚህ ላይ ይነጥፋል። ሆኖም ዝምድናው ጨርሶ አልተቆረጠም፤ አቅጣጫውን ቀይሯል እንጂ። ቶዮታ ጂአር ያሪስን በ2020 ለገበያ ያወጣው ራሊን አስቦ ነው፤ ከተራው ያሪስ በተለየ ሦስት በር፣ ዝቅ ያለ የኋላ ጣሪያና አራቱን ጎማ የሚነዳ ሥርዓት ሰጠው። ሾክና ዲፈረንሻልን እስከ መጨረሻው ማስጨነቅ የሚያስተምረው ትምህርትም በመኪናው ስም አይወሰንም።

አሁን ወደ አከራካሪው ጉዳይ፣ ወደ ሃይብሪድ እንምጣ። ከ2022 እስከ 2024 እያንዳንዱ ራሊ 1 መኪና 100 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ኤሌክትሪክ ሞተርና 3.9 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ተሸክሟል። ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት፣ ታሽጎ የሚመጣ ዕቃ ነበር። ከቤንዚን ሞተሩ ጋር ሲደመር ለአጭር ጊዜ ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣ ነበር፤ አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ የባከነውን ኃይል መልሶ ይሰበስብ ነበር፤ በከተማ ውስጥ መኪናው ድምፅ ሳያሰማ በኤሌክትሪክ ይሄድ ነበር። በ2025 ግን ሙሉ በሙሉ ተነሳ። ብዙዎች ይህን ወደ ኋላ መመለስ ብለውታል፤ ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ ሲሄድ ራሊ ወደ ቤንዚን ሸሸ አሉ። ነዳጁ ከ2022 ወዲህ ከማዕድን ዘይት ያልተገኘ መሆኑ ለጊዜው ይቆየንና፣ ነገሩን በመኪናው በኩል ብቻ እንየው። ሃይብሪዱ ሲነሳ ዝቅተኛው ክብደት ከ1,260 ወደ 1,180 ኪሎ ግራም ወረደ፤ ማነቆውም ከ36 ወደ 35 ሚሊ ሜትር ጠበበ። የቀዳዳው የቆዳ ስፋት በ5.5 በመቶ አነሰ ማለት ነው፤ ጉልበቱ በዚያው ልክ ቢቀንስ 360 ገደማ ይሆናል። በክብደቱ ስናካፍለው በፊትም አሁንም በአንድ ቶን 300 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ኤሌክትሪኩ በሚለቀቅበት ጥቂት ሴኮንድ ካልሆነ በቀር መኪናው ምንም አልጠፋበትም። ያገኘው ግን ብዙ ነው፤ 80 ኪሎ የቀለለ መኪና ፍሬኑን፣ ጎማውንና ያን የሚግለውን ሾክ ያን ያህል አያደክምም።

የሃይብሪዱን መነሳት የምደግፍበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው። በራሊ መኪናው መንገድ ላይ ሲሰበር ሊነካው የሚችለው አሽከርካሪውና ረዳቱ ብቻ ነው፤ በመኪናው በያዙት መፍቻና መለዋወጫ። የታሸገ ከፍተኛ ቮልቴጅ ዕቃ ለዚህ ባህል አይመችም፤ የኤሌክትሪኩን ሁኔታ የሚያሳየው የአደጋ መብራት ቀይ ከሆነ መኪናውን መንካት ክልክል ነበር፣ ብልሃት አልነበረም። ሊጠገን የማይችል ክፍል ለራሊ መኪና የማይስማማ ክፍል ነው። ሃይብሪድ መጥፎ ቴክኖሎጂ ስለሆነ አይደለም፤ በከተማ ታክሲ ላይ ድንቅ ነው።

የጥገናው ጉዳይ ከተመልካች ዓይን የራቀ ቢሆንም የመኪናው ንድፍ ከሥር መሠረቱ የሚወሰነው በእርሱ ነው። ማታ መኪናዎቹ ወደ ሰርቪስ ጣቢያ ሲገቡ ለጥገና ያላቸው 45 ደቂቃ ነው፤ ዘግይቶ ለወጣ በእያንዳንዱ ደቂቃ 10 ሴኮንድ ይቀጣል። ስለዚህ መሐንዲሱ አንድ ብሎን የት እንደሚቀመጥ ሲያስብ የመካኒኩን እጅ ያስባል። ካምቢዮ በሩብ ሰዓት ገደማ ወርዶ ሌላ ይገጠማል፤ በተራ ጋራዥ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በ2022 አሽከርካሪው በጣቱ የሚቀይረው ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ ቀርቶ በእጅ ዘንግ የሚቀየር ባለ አምስት ማርሽ ሆነ፤ በኮምፒውተር የሚታዘዘው ማዕከላዊ ዲፈረንሻልም ቀረ። በኬንያ ደግሞ የሞተሩ አየር መሳቢያ በፊት መስታወቱ ጎን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ምክንያቱም ያ ልም አፈር ማጣሪያውን ሲደፍነው ሞተሩ ይታፈናል። ውድድሩ ከ2024 ጀምሮ ከሰኔ ወደ መጋቢት ስለተዛወረ ያው የአየር መሳቢያ አሁን ከጎርፍ ውኃም ይጠብቃል። መኪናው ከፍ ይላል፣ ሆዱ ሥር ያለው መከላከያ ይጠነክራል። እነዚህ ሁሉ ክብደትና ጊዜ ያስከፍላሉ፤ የቡድኖቹ ጭንቀትም ምን ያህሉን መክፈል እንዳለባቸው ማወቅ ላይ ነው።

አሽከርካሪው ከሆነ የሚያሸንፈው ስለ ብረት ይህን ሁሉ ማውራት ለምን የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ለአሽከርካሪው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ በሳፋሪ ታሪክ አምስት ጊዜ ያሸነፈው ሼክሃር ሜህታም ሆነ ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ጆጊንደር ሲንግ ያሸነፉት መኪናቸው ብቻ ተሸክሟቸው አይደለም። ነገር ግን በ2022 በናይቫሻ ከአንደኛ እስከ አራተኛ የወጡት አራቱም ቶዮታ ጂአር ያሪስ ነበሩ። በ2023ም ያው ተደገመ፤ አራቱ አሽከርካሪዎችም ያው ነበሩ፣ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ተለዋወጠ። ከእነርሱ መካከል ያኔ የስምንት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ አለ፤ እስከዚያ ጊዜ በዓለም ሻምፒዮና አንድም ውድድር አሸንፎ የማያውቅም ነበር። አንድ ጎበዝ ሊያሸንፍ ይችላል፤ አራት የተለያዩ እጆች በአንድ ዓይነት መኪና ሁለት ዓመት ተከታትለው ሲደረደሩ ግን የሚናገረው መኪናው ነው። ልዩነቱንም ተመልከቱ፦ በ1999 ኮሊን ማክሬ በፎርድ ፎከስ ሳፋሪን ሲያሸንፍ ሁለተኛውን ከ14 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ነበር፤ በ2023 ኦዢዬ ካሌ ሮቫንፔራን የበለጠው በ6.7 ሴኮንድ ነው። በእርግጥ የድሮው ሳፋሪ በርዝመቱ ከዛሬው እጅግ ይበልጥ ነበር። ቢሆንም ያን ጊዜ አሸናፊው ብዙውን ጊዜ ሌሎቹ ሲቀሩ የቀረው ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቹ ይተርፋሉ፤ ቀሪው ሽሚያ በሴኮንድ ነው።

ቀጣዩ መከልከያ ዋጋ ነው። የ2027 ደንብ የአንድ መኪና ዋጋ ከ345 ሺህ ዩሮ እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የቱቦው ሻንሲ ይቀጥላል፣ ሞተሩ ዛሬ በሁለተኛው ክፍል በራሊ 2 የሚወዳደሩት የሚጠቀሙበት 300 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ይሆናል፤ ትልልቅ አምራቾች ያልሆኑ ሠሪዎችም መኪና አቅርበው መወዳደር ይችላሉ። ጉልበት ቀነሰ ብለው የሚያለቅሱ ከወዲሁ አሉ። በእኔ ግምት ይህ የ1997ቱ የዓለም ራሊ መኪና ደንብ ከወጣ ወዲህ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ የተሻለው ነው፤ በሦስት ኩባንያ እጅ ብቻ ያለ ስፖርት አንዱ ቢወጣ ባዶ ይቀራል። የማልስማማበት አንድ ነገር ቢኖር ወጪ ለመቀነስ ተብሎ በተሳፋሪው ክፍል ላይ የሚደረግ ቁጠባ ነው፤ የዋጋው ጣሪያ ከዚያ በስተቀር ያለውን ሁሉ ይንካ።